መኪና የሚያድርበት ቤተ መንግሥት፦ የዲትሮይቱ ሚሺጋን ቲያትር ለምን ወደቀ?

በአሜሪካዋ ዲትሮይት መሀል ከተማ፣ ባግሊ በሚባል መንገድ ላይ አንድ ፓርኪንግ አለ። ከውጭ ሲታይ የተለየ ነገር የለውም። 13 ፎቅ ያለው የቢሮ ሕንፃና ከጀርባው የተጠጋ ትልቅ የጡብ ግድግዳ፣ በቃ። መኪናውን ይዞ ወደ ላይኛው ደረጃ የወጣ ሰው ግን ቀና ሲል ይደነግጣል። ከላዩ በጌጥ የተጥለቀለቀ ጣሪያ አለ። ከፊሉ ረግፏል፤ የቀረው ዛሬም ያምራል። ፊት ለፊት የመድረኩ ግዙፍ ቅስት ቆሟል፤ የመጋረጃው ቅዳጅ ተንጠልጥሏል። ከፍ ብሎ የፊልም ማሽኑ የነበረበት ክፍል ይታያል። ከሥር መኪና ተደርድሯል። ኤሚነም የተወነበትን የ2002 ፊልም ያየ ሰው ቦታውን ያስታውሰው ይሆናል። ወጣቶቹ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በራፕ የሚፎካከሩበት ትዕይንት የተቀረጸው እዚያ ነው።

ይህ ቤት ሚሺጋን ቲያትር ነው። በኦገስት 23 ቀን 1926 ሲከፈት 4,000 ያህል መቀመጫ ነበረው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ተመልካች አጣ። ሃምሳ ዓመት እንዳለፈው ፓርኪንግ ሆነ።

ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች ለምን ሞቱ ሲባል መልሱ አፍ ላይ ነው፦ ቴሌቪዥን። ዛሬ ደግሞ ስልክና ኔትፍሊክስ ይጨመርበታል። ለእኔ ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው። ሚሺጋን ቲያትርን ተከትሎ ለሄደ ሰው ዋናው ጉዳይ ሌላ ቦታ ይገኛል። ሰው የት ይኖራል? ወደ መሀል ከተማ በምን ይመጣል? መሬቱስ ምን ያወጣል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲቀየር ቲያትሩም አብሮ ወደቀ።

መጀመሪያ ግን እንዴት እንደተሠራ። ሄንሪ ፎርድ የመጀመሪያ መኪናውን የገጣጠመው ባግሊ መንገድ ላይ፣ ተከራይቶት ከነበረው ቤት ጓሮ ባለች መጋዘን ውስጥ ነው። ጊዜው ጁን 1896 ነበር። መኪናዋ ስታልቅ በበሩ አልወጣ አለች። ፎርድ መጥረቢያ አንስቶ የመጋዘኗን ግድግዳ አፈረሰና አወጣት። ከ30 ዓመት በኋላ ሚሺጋን ቲያትር የቆመው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ይህን የሚያነሳ ሁሉ እንደ አስቂኝ ገጠመኝ ብቻ ያወራዋል። ገጠመኝ ብቻ ግን አይደለም። ቲያትሩን የሠራው የመኪና ገንዘብ ነው።

በ1900 ዲትሮይት 285 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራት። በ1930 ከአንድ ሚሊዮን ተኩል አለፈች። መሀል ላይ የሆነው የመኪና ፋብሪካ ነው። ፎርድ በጃንዋሪ 1914 በቀን 5 ዶላር እከፍላለሁ ሲል ዓለም ጉድ አለ። ከአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች፣ ከአውሮፓ ድሆች፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ ሶርያውያንና ሊባኖሳውያን ወደ ዲትሮይት ጎረፉ። ኪሱ ውስጥ ገንዘብ ያለው፣ እሑድ ዕረፍት ያለው፣ በጠባብ ቤት የሚኖር ሕዝብ ማለት ነው። ይህ ሕዝብ መዝናኛ ፈለገ።

ነጋዴዎቹም ገባቸው። የቺካጎዎቹን ወንድማማች አርክቴክቶች ራፕ ኤንድ ራፕን አመጡ። እነዚህ ሰዎች የቺካጎ ቲያትርንና የኒውዮርኩን ፓራማውንት የሠሩ ናቸው። ሥራቸው ለፋብሪካ ሠራተኛ የንጉሥ ቤት መሥራት ነበር። ፎቅ በፎቅ ላይ የሚዘልቅ የመግቢያ አዳራሽ፣ መስተዋት፣ ሐውልት፣ የዘይት ሥዕል፣ ዓምድ። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ሲኒማ ቤት የፊልም ቤተ መንግሥት ብለው የጠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ብረት ሲያቀልጥ የዋለ ሰው በጥቂት ሳንቲም ትኬት ቆርጦ፣ ዩኒፎርም የለበሰ አስተናጋጅ እየመራው፣ ምንጣፍ ላይ ይሄዳል። ፊልሙ የዝግጅቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ከሱ በፊት ኦርኬስትራ አለ፣ ግዙፍ ኦርጋን አለ፣ ቀልደኛ አለ፣ ዘፋኝ አለ። እንደ ማርክስ ብራዘርስና ቦብ ሆፕ ያሉ ስመ ጥር ቀልደኞች እዚያ መድረክ ላይ ቆመዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል የንግድ ምስጢር አለ። እነዚያን ግዙፍ ቤቶች ያዋጣቸው ጌጣቸው ሳይሆን ቀዳሚነታቸው ነበር። አዲስ ፊልም ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው መሀል ከተማ ባሉት ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ብቻ ነው። የሰፈሩ ሲኒማ ቤት ሳምንታት ጠብቆ ይደርሰዋል፤ በርካሽ ያሳየዋል። ስለዚህ አዲሱን ፊልም አሁን ማየት የፈለገ ሁሉ ትራም ተሳፍሮ መሀል ከተማ መምጣት ግዴታው ነበር። 4,000 መቀመጫ የሚሞላው እንዲህ ነው። ሥርዓቱን ያቆሙት ደግሞ ፊልሙንም ሲኒማ ቤቱንም በአንድ እጅ የያዙት የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ነበሩ። ፓራማውንት ለምሳሌ ፊልም ይሠራል፣ ያከፋፍላል፣ በራሱ ሲኒማ ቤት ያሳያል።

በሜይ 1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ሰንሰለት በጠሰው። በፓራማውንትና በሌሎቹ ስቱዲዮዎች ላይ በተሰጠው ውሳኔ መነሻነት ስቱዲዮዎቹ ሲኒማ ቤቶቻቸውን ለቀቁ። ውሳኔው ለተመልካችም ለትንንሽ ሲኒማ ቤቶችም ፍትሐዊ ነበር፤ አልቃወመውም። ለቤተ መንግሥቶቹ ግን ከባድ ነበር። ጠባቂያቸው ስቱዲዮ ሄደ። ፊልሙን መጀመሪያ የማግኘት መብታቸውም ቀስ በቀስ ተሸረሸረ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከፓራማውንት ተነጥሎ የወጣው የሲኒማ ቤቶች ኩባንያ በ1953 የተዋሃደው ከማን ጋር ይመስላችኋል? ከኤቢሲ ቴሌቪዥን ጋር። ነጋዴው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አውቋል።

አሁን ወደ ቴሌቪዥን እንመለስ። በ1946 በአሜሪካ በየሳምንቱ ከ80 እስከ 90 ሚሊዮን ሰው ሲኒማ ይገባ እንደነበር ይገመታል። ከፍተኛው ጊዜ ያ ነው። ቁጥሩ መውረድ የጀመረው ወዲያው በ1947 ነው። ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። በ1950ም ገና ከአሥር ቤት አንዱ ገደማ ነው። እስከ 1960 ድረስ ግን ከአሥር ቤት ዘጠኙ ጋ ደረሰ። እንግዲህ ቴሌቪዥን በኋላ መጥቶ ጉዳቱን አባባሰው እንጂ የጀመረው እሱ አይደለም። መጀመሪያ የሄደው ሰው ራሱ ነው። የት ሄደ? ወደ ከተማ ዳር።

ከጦርነት የተመለሰው ወጣት አገባ፣ ወለደ፣ በመንግሥት ዋስትና በተሰጠ ብድር ከከተማ ወጣ ብሎ ግቢ ያለው ቤት ገዛ። ይህ ዕድል ለሁሉም እኩል አልነበረም። የብድር ሥርዓቱ ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር በካርታ ላይ በቀይ እያሰመረ ይዘለው ነበር። ዲትሮይት ውስጥ በ1941 ጥቁሮችን ከነጮች ሰፈር የሚለይ የሲሚንቶ ግንብ ሳይቀር ተሠርቷል። ዛሬም ቆሞ ይታያል። ስለዚህ የወጣው በአብዛኛው ነጩ ነው። ለወጣውም መንገድ ተሠራለት። ክራይስለር የሚባለው ፈጣን መንገድ ሲዘረጋ የጥቁሮች የንግድና የሙዚቃ እምብርት የነበረው የሄስቲንግስ ጎዳና ተደመሰሰ። በኤፕሪል 1956 የመጨረሻው ትራም ቆመ። ሰውን ወደ መሀል ከተማ የሚያመጣው ነገር ተነቅሎ፣ ሰውን ከመሀል ከተማ የሚያወጣው ተተከለ።

በ1954 ደግሞ ከከተማው ሰሜን ኖርዝላንድ የሚባል የገበያ ማዕከል ተከፈተ። በሺዎች የሚቆጠር መኪና በነፃ የሚቆምበት ሜዳ ነበረው። አንድ አባወራ አስቡ። ከዳር ሰፈር ተነስቶ፣ ልጆቹን ይዞ፣ መሀል ከተማ ገብቶ፣ መኪና ማቆሚያ ፈልጎ፣ ከፍሎ፣ ከዚያ በእግሩ ሄዶ ፊልም ያያል? ወይስ ሰፈሩ አጠገብ በነፃ አቁሞ ይገባል? ውበት እዚህ ጋ ብዙም አይረዳም። ሰው ለጣሪያ ሲል ሃያ ኪሎ ሜትር አይነዳም። ያሳደጉት ውሻ ነከሳቸው ማለት ይህ ነው። የመኪና ደሞዝ ያመጣውን ተመልካች መኪናው ራሱ ይዞት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሒሳብ ጉዳይ ነው። 4,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ 300 ሰው ሲገባበትም ያው አዳራሽ ነው። የዲትሮይት ክረምት ቀልድ አይደለም፤ ማሞቅ ግድ ነው። አምፖሉ ይቃጠላል፣ ምንጣፉ ይጠረጋል፣ ጣሪያው ይጠገናል። ስክሪኑ ደግሞ አንድ ነው። የያዘው ፊልም ካልወጣለት ሳምንቱ በሙሉ ከሰረ። ይህን ችግር የፈታው ስታንሊ ዱርዉድ የሚባል ነጋዴ ነበር። በ1963 ካንሳስ ሲቲ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን ያለው ሲኒማ ቤት ከፈተ። ትኬት ቆራጩ አንድ፣ ፈንዲሻ መሸጫው አንድ፣ ፓርኪንጉ የጋራ። አንዱ ፊልም ቢወድቅ ሌላው ይሸፍነዋል። ያ ኩባንያ ዛሬ ኤኤምሲ ተብሎ የሚታወቀው የሲኒማ ቤቶች ድርጅት ነው። አዳራሾቹ ደረቅ ሳጥን ነበሩ። ግን አዋጡ።

ሲያልቅ አያምር ይባላል። የሚሺጋን ቲያትር የመጨረሻ ዓመታት እንደዚያ ናቸው። ኦርጋኑ በ1950ዎቹ ተሸጠ። በ1967 መደበኛ የሲኒማ ሥራው ቆመ። ያ ዓመት ዲትሮይት በአመፅ የተቃጠለችበት፣ 43 ሰው የሞተበት ዓመት ስለሆነ ብዙ ሰው ሁሉንም ነገር ከዚያ ሐምሌ ጋር ያያይዘዋል። የተመልካቹ ፍልሰት ግን ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ያህል ቆይቷል። አመፁ ያመጣው ነገር ቢኖር ገና ያልወጣውን ማስቸኮሉ ነው። ከዚያ ወዲያ ያልተሞከረ የለም። የሆኪ ጨዋታ በትልቅ ስክሪን ታየበት። ራት እየበሉ ሙዚቃ የሚሰሙበት ክለብ ሆነ። ከ1973 እስከ 1976 ሚሺጋን ፓላስ ተብሎ የሮክ ኮንሰርት ቤት ነበር። የኢጊ ፖፕ ባንድ ከመበተኑ በፊት የመጨረሻውን ትርኢት ያቀረበው እዚያ ነው። ታዳሚው ወደ መድረኩ ዕቃ ሲወረውር ያመሸበት ምሽት ነበር ይባላል። ሙዚቃው የራሱ ታሪክ አለው፤ ለቤቱ ግን አልራራለትም። ወንበሩ ተሰበረ፣ ጌጡ ተፈለጠ።

ቲያትሩ ሲዘጋ የቀረው ጥያቄ የጎን ሕንፃው ነበር። ባለ 13 ፎቁ የቢሮ ሕንፃ ተከራዮች ነበሩት። ተከራዮቹ አንድ ነገር አጥብቀው ፈለጉ፦ መኪና ማቆሚያ። አዳራሹን አፍርሶ ሜዳ ማድረግ ቀላል ይመስል ነበር። መሐንዲሶች ሲያዩት ግን ሁለቱ ሕንፃዎች ተያይዘዋል፤ አንዱን ማፍረስ ሌላውን ይጎዳል። ስለዚህ በ1977 አዳራሹን ውስጡን ብቻ ባዶ አደረጉት። ወንበሩና በረንዳው ወጣ፣ ሦስት ደረጃ የኮንክሪት ወለል ገባ፣ 160 ያህል መኪና የሚይዝ ፓርኪንግ ሆነ። ጣሪያውን ማንም አልነካውም። ማውረድ ራሱ ወጪ ነውና።

ፎቶውን የሚያዩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይናደዳሉ። ቅርሱን አዋረዱት ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የጣሪያውን ቁራጭ ዛሬ ቀና ብለን የምናየው ፓርኪንግ ስለሆነ ነው። ፓርኪንግ ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ለሚል፣ መልሱ ያው ባግሊ መንገድ ላይ ጥቂት ራቅ ብሎ ይገኛል። ዩናይትድ አርቲስትስ የሚባል ሲኒማ ቤት ነበር፤ በ1928 ተሠራ፤ እሱም ከቢሮ ሕንፃ ጋር የተያያዘ። ለአሥርት ዓመታት ባዶውን ቆመ። በቅርብ ዓመታት የቢሮው ሕንፃ ወደ መኖሪያ አፓርታማ ሲቀየር አዳራሹ ፈረሰ።

የተረፉም አሉ። ፎክስ ቲያትር በ1928 የተከፈተ፣ ከ5,000 በላይ መቀመጫ ያለው ነው። ሊትል ሲዘርስ የሚባለውን የፒዛ ድርጅት የመሠረቱት ኢሊች ባልና ሚስት ገዝተው፣ አሳድሰው በ1988 ከፈቱት። የድርጅታቸውን ዋና ቢሮም እዚያው ሕንፃ ላይ አመጡ። ሌላው በ1922 የተሠራ ሲኒማ ቤት ደግሞ በ1996 የዲትሮይት ኦፔራ ቤት ሆነ። ሁለቱም ያምራሉ፤ ሁለቱም ይሠራሉ። ግን ልብ በሉ፤ ሁለቱም የዘወትር ሲኒማ አይደሉም። ኮንሰርት፣ ኦፔራ፣ ትልልቅ ትርኢት ነው የሚኖሩበት። የኢሊች ቤተሰብ ኩባንያዎች በፎክስ ዙሪያ ብዙ ፓርኪንግ ስለያዙም የከተማው ሰው ሲያማቸው ይኖራል። ፎክስም ቢሆን ከፓርኪንግ ነፃ አልወጣም ማለት ነው፤ መኪናው ከውስጥ መቆሙ ቀርቶ ከውጭ ቆመ እንጂ።

ይህን ስጽፍ ፒያሳ ሳይታወሰኝ አልቀረም። አዲስ አበባም ጣልያን በወረራው ጊዜ ያቆማቸው ሲኒማ ቤቶች አሏት። ብሔራዊ ቲያትር ራሱ ጣልያኖች ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሲኒማ ቤት ላይ ተሠርቶ በ1955 የተመረቀ ነው። የእኛን ነገር ግን በዲትሮይት ሒሳብ ብቻ መተርጎም ልክ አይመጣም። ወደ ሲኒማ ኢትዮጵያ የሚመጣው ሰው በታክሲና በእግሩ ነበር። በ2000ዎቹ የአማርኛ ፊልም ሲበዛ ያረጁት አዳራሾች እንደገና ሰልፍ አዩ። ሰው አልጠላቸውም፤ የሚያሳዩት ነገር ሲያገኙ መጣላቸው። በ2016 ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተቀዱ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ይዞ መጣ፤ አዳዲሶቹ የአማርኛ ፊልሞችም እየቆዩ ወደ ዩቲዩብ ሄዱ፤ በ2020 ኮቪድ በሩን ዘጋ። በመሀሉ ቦሌ ላይ እንደ ኤድና ሞሉ ማቲ ያሉት ብዙ ስክሪን ያላቸው ሲኒማ ቤቶች ከነፓርኪንጋቸው ተከፈቱ። እዚህ ጋ ብቻ ነው የዱርዉድ ሒሳብ ቦሌ ድረስ የደረሰው።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁለቱ ከተሞች ይመሳሰላሉ። አሮጌ ሕንፃ የሚፈርሰው ከተማው ሲዳከም ብቻ አይደለም። ከተማው ሲነቃም ይፈርሳል። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በ2024 የወደቁት ከተማዋ ገንዘብ አውጥታ ልልማ ባለች ጊዜ ነው። ዲትሮይትም እንዲሁ። በ1950 ወደ 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ከተማ በ2020 639 ሺህ ላይ ወርዳ ነበር። መሀል ላይ በ2013 ኪሳራ አወጀች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ባዶዎቹ ቲያትሮች የቆሙት ቦታቸውን የሚፈልግ ስላልነበረ ነው። ማፍረሻ ገንዘብም አልነበረም። አሁን ነገሩ ተቀይሯል። ፎርድ ኩባንያ በ2018 ለረጅም ዓመታት ተዘግቶ የኖረውን ትልቁን የባቡር ጣቢያ ገዝቶ በጁን 2024 መልሶ ከፈተው። በዚያው ዓመት የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤቱ የከተማዋ ሕዝብ ከ1957 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨመረ ብሎ አስታወቀ።

መሬት ዋጋ ሲያገኝ ባለቤቱ ሒሳቡን እንደገና ይሠራል። የዩናይትድ አርቲስትስ አዳራሽ የድህነቱን ዘመን በሙሉ ችሎ፣ የፈረሰው ባለሀብት ሲመጣ ነው። ሚሺጋን ቲያትርን እስካሁን የያዘው ነገር ከውበቱ ጋር ብዙም አይገናኝም። ከቢሮው ሕንፃ ጋር የተያያዘ ግድግዳ አለው፤ ሕንፃው ውስጥ የሚሠሩት ሰዎችም መኪና ማቆሚያ ይፈልጋሉ። ከሁለቱ አንዱ ሲቀየር፣ ቢሮው አፓርታማ ሲሆን ወይም ተከራዩ ቤቱ ሆኖ መሥራት ሲመርጥ፣ ያ ጣሪያ ከ1976 ወዲህ ያልተጠየቀውን ጥያቄ እንደገና ይጠየቃል።